አሥራ አራተኛዋ መንገደኛ

እትዬ ለተጊዮርጊስን እምቢ ማለት የሚችል ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ካለ አሳዩኝና ጉልበቱን ልሳም። እኔ አልቻልኩም። በልጅነቴ አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ደግሞ እሳቸው ባሉበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ስለዚህ በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ፣ የእኔ ፍዳ ጀመረ።

"ዘሥላሴ፣ ትርኢቱ አይቀርም" አሉኝ በስልክ።

ትርኢት የሚሉት የኪነ ጥበብ ክበባችን በየዓመቱ የሚያቀርበውን ሙዚቃዊ ተውኔት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ አዘጋጅተውታል፤ በሰኔ ጡረታ ስለሚወጡ ይሄኛው የመጨረሻቸው ነበር። ታሪኩ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪናቸው ስለቆመባቸው አሥራ አራት መንገደኞች ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ አንድ አንድ ስንኝ ይዘፍንና ሁሉም ባንድነት መኪናውን ይገፋሉ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን ልጆቹ የተከራዩትን ክፍል እየለቀቁ በየአገራቸው ተበትነዋል፤ አንዷ አልዩ አምባ፣ አንዱ ጎረቤላ፣ አንዷ ከመዘዞ ወዲያ ያለ ገጠር።

"ታዲያ የት ተሰብስበው ሊዘፍኑ ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለም እንዴ?"

ይኸውላችሁ። ኮምፒውተር የተማረ ሰው ተአምር መሥራት ግዴታው ነው። አንድ የአካባቢው ሬዲዮ የተማሪዎችን ሥራ በድምፅ ካገኘ እንደሚያስተላልፍ አስታውቆ ነበር፤ ማስረከቢያው ሚያዝያ 16 ነው። ልጆቹ በየቤታቸው በስልክ እየቀዱ በቴሌግራም ሊልኩ፣ እኔ ልገጣጥም ተስማማን። ተስማማን ስል እሳቸው ወሰኑ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ጉድ ሆነ። አንዱ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው እየጎተተ ይዘፍናል፣ ሌላዋ ታክሲ እንዳመለጣት ሰው ትሮጣለች። አንድ ላይ ሳደርጋቸው የቅዳሜ ገበያ ሆኑ። ሁሉንም የሚመራ ከበሮ አስፈለገ። ከበሮ መቺያችን ማኅደረማርያም ጎረቤላ፣ አባቱ ቤት ነው፤ አባቱ ደግሞ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ናቸው። ደወልኩ።

"መሪጌታ፣ ልጁ አምስት ደቂቃ ብቻ ከበሮ ቢመታልን…"

"በሁዳዴ?" አሉ። "የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንኳ ዝም ብሎ ተቀምጦ የኔ ልጅ ለዘፈን ሊመታ? ትንሣኤ ይድረስ እንጂ እንኳን አምስት ደቂቃ አምስት ሰዓት ይምታልህ።"

እሺ ብዬ አልዩ አምባ ደወልኩ። ዋናዋ ዘፋኛችን ፈሂማ እዚያ ናት። ስልኩን ያነሱት እናቷ ወይዘሮ ዙቤዳ ናቸው።

"ከፋሲካችሁ በኋላ? ረመዳን ከገባማ እዚህ ቤት ዘፈን የለም፣ መምህር። ከዚያ በፊት ጨርሱ።"

"መቼ ነው የሚገባው?"

"ሐሙስ ወይ ዓርብ። አላሁ አዕለም፣ ጨረቃዋ ስትታይ ነው።"

ቀን ቆጠርኩ። ፋሲካ ሚያዝያ 11። ከበሮው የሚፈቀደው ከሰኞ ጀምሮ፣ ድምፁ የሚፈቀደው እስከ ረቡዕ፤ ጨረቃዋ ካዘነችልኝ እስከ ሐሙስ። የወር ሥራ አራት ቀን ውስጥ ገባ። ይህን ለእትዬ ለተ ብነግራቸው፣ "እግዜር ዓለምን በስድስት ቀን ፈጥሮ የለም?" አሉኝ። እግዜር ኔትወርክ መጠበቅ አላስፈለገውም ልል ነበር፣ ተውኩት።

ሰኞ ስደውል ማኅደረማርያም አፉ በሥጋ ተሞልቶ "ነገ" አለኝ። ማክሰኞ ከበሮው መጣ፣ ለሁሉም በተንኩት። ረቡዕ ማታ ጨረቃዋ አልታየችም፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ የፈሂማ ድምፅ ደረሰ። አሥራ ሦስት ድምፅ ባንድ ከበሮ ላይ ተቀመጠልኝ። እፎይ ልል ስል እትዬ ለተ ደወሉ።

"ሔራንስ?"

ሔራን ያቺ ከመዘዞ ወዲያ ያለችው ናት። ቤታቸው ያለው ስልክ መደወልና መብራት ማብራት እንጂ ሌላ አያውቅም። እየደወልኩ በቀጥታ ልቅዳት ስል ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ስንኙን ሳትጨርስም ይቋረጣል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ደሜ ፈላ። ፈሂማ ለልምምድ ዘፈኑን ሙሉውን ዘፍናው ስለነበር የሔራንን ስንኝ ከእሷ ቆረጥኩና ድምፁን ትንሽ አቅጥኜ ሰካሁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ምንም እንዳልሠራ ሰው ሆኜ በስልክ አሰማኋቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ "ይቺ ፈሂማ ናት" አሉ። "አንዷን ልጅ መኪናው ላይ ሁለቴ ጫንካት።"

ቱግ አልኩ። "በቃኝ፣ እትዬ ለተ! ነገ ማስረከቢያ ነው። ማን ይለየዋል? ማን ሰምቶ?"

"ሔራን ናታ የምትሰማው። ሬዲዮ አላቸው። ስንኝዋን ሌላ ሰው ሲዘፍንባት ምን ይሰማታል?"

የሰካሁትን ስንኝ ደግሜ ከፈትኩት።

"አውጣው" አሉ። "እሷ ቦታ ላይ ከበሮው ብቻውን ይምታ።"

"ስሕተት እኮ ነው የሚመስለው! የመጨረሻ ሥራዎ ነው፣ ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ይበል።"

አወጣሁት። ዓርብ ጠዋት እየተነጫነጨሁ ላክሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ለፍተው መሰናበቻቸውን ቀዳዳ ያደርጉታል? እልህ ያዘኝ፤ እውነቱን ለመናገር አዘንኩም።

በግንቦት መጀመሪያ እሑድ ከሰዓት ተላለፈ። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ጉሙ ወረደ፣ መኪናው ቆመ፣ መንገደኞቹ ተራ በተራ ዘፈኑ። የሔራን ተራ ሲደርስ ከበሮው ብቻውን ቀረ። ቢበዛ አሥር ሰከንድ ነው፤ እኔ ግን በኀፍረት ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ከዚያ የቀሩት ተቀበሉ፣ ሁሉም ባንድነት መኪናውን ገፉ፣ አለቀ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የሔራን አባት፣ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ናቸው።

"መምህር፣ ምን ዓይነት ጥበብ ነው ይሄ?" አሉ እየጮኹ። "ቤተሰቡ ሁሉ ሬዲዮውን ከቦ ነበር። እሷ ጥግ ይዛ አኩርፋለች፤ ድምፄን አልላክሁ፣ እኔ የለሁበትም ብላ። ድንገት ሰዉ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ ሲመታ ብድግ አለችና ዘፈነችው! ስትጨርስ ጓደኞቿ እዚያው ላይ ተቀበሏት። እናቷ እልልታውን አቀለጠችው። እንደምትነሣ በምን አወቃችሁ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ" አልኩ። "ያወቁት እትዬ ለተ…"

መጨረስ አቃተኝ። የተቆረጠው መስመሩ መስሏቸው ጋሼ ሰይፈሥላሴ "ሃሎ? ሃሎ?" ይላሉ።