ሰኞ ሰኞ የሚያመው ወዬሳ

ወዬሳ ከአቦምሳ ወደ አዳማ የመጣው ግብርናን ጠልቶ አልነበረም። የአባቱ መሬት ለታላቅ ወንድሙ እንኳ በቅጡ ስላልበቃ ነው። መጀመሪያ መናኸሪያ አካባቢ ዕቃ ሲሸከም ቆየ፤ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የፈትል ፋብሪካ ተቀጠረ። የተመደበው ሠራተኞቹ «ብሎው ሩም» በሚሉት ክፍል ነበር። ተጨምቆና ታስሮ የሚመጣው ጥጥ እዚያ ይፈታል፣ ማሽን ውስጥ እየገባ ይነፋል፣ ቆሻሻው ይራገፋል። ከጥጡ ጋር የመጣው የቅጠልና የግንድ ስብርባሪ ግን ደቆ አየሩ ላይ ይቀራል። ጠዋት ፀጉሩ ጠቁሮ የገባ ሰው ከሰዓት ሽበታም ሆኖ ይወጣል። ሠራተኞቹ «ዛሬ ስንት ዓመት አረጀህ?» እየተባባሉ ይሳሳቁበት ነበር።

ማስክ አንዳንዴ ይታደላል። ክፍሉ ስለሚሞቅ ብዙዎቹ አገጫቸው ሥር አውርደውት ነው የሚሠሩት። ወዬሳም እንደዚያው።

ሥራውን ወድዶት ነበር። ረጅምና ትከሻ ሰፊ ስለሆነ ሌላው ለሁለት የሚገፋውን የጥጥ እስር እሱ ብቻውን ይገፋዋል። አያጨስም፣ አይጠጣም። ገንደ ጋራ በሚባለው ዳገታማ ሰፈር ባለች አንዲት የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ዘርፉን አገኛትና ተጋቡ። ዘርፉ ትንሽ የፀጉር ቤት አላት። ቤት የተከራዩት ዳገቱ ላይ ነው። ከባጃጅ ወርዶ ሽቅብ መውጣት ለወዬሳ ያኔ ምንም አልነበረም።

ሕመሙ የጀመረው ሥራ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። አንድ ሰኞ፣ ሥራው ገና ሳይሟሟቅ፣ ደረቱን የሆነ ነገር ጭምቅ አድርጎ ያዘው። አየር የሚገባለት በግማሹ ብቻ መሰለው። ደረቅ ሳል ተከተለ፣ ዐይኑ ቀላ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ማክሰኞ ቀለል አለው። ዓርብ ላይ ጭራሽ ረስቶት ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ያው ነገር ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰኞ የማያመው ሳምንት ጠፋ።

ዘርፉ ምክንያቱን ወዲያው አገኘሁት አለች።

«ብርድ ነው። እሑድ እሑድ መስኮቱ ሥር ነው የምትቀመጠው። ዘምረህ ዘምረህ ላብህ ሳይደርቅ ንፋሱ ይመታሃል።»

ወዬሳ ቦታ ቀይሮ መሐል ተቀመጠ። ዘርፉ ደግሞ ከኋላ ያሉትን ሰዎች መስኮት አስዘጋች፤ በዚህም ከአንዲት እህት ጋር ትንሽ ተቀያየሙ። ሰኞ ግን አሁንም አመመው። ክሊኒክ ሄደ፤ የአክታ ምርመራ ተደረገለትና ነቀርሳ የለብህም ተባለ። እንክብል ተሰጠው። እንክብሉን የጀመረው ሰኞ ከሰዓት ስለነበር ረቡዕ ላይ ተሻለውና መድኃኒቱን አመሰገነ።

የፈረቃው ኃላፊ ተክለሃይማኖት ግን የራሱ ግምት ነበረው። በፋብሪካው ብዙ ዓመት የኖረ፣ ሰኞ ጠዋት ዐይኑ ቀልቶ ግድግዳ የሚደገፍ ሠራተኛ ምን እንዳገኘው አውቃለሁ የሚል ሰው ነው።

«ትናንት የት አመሸህ?» አለው።

«ቤቴ። ከቸርች መጥቼ ቤቴ ነበርኩ።»

«ይሁን። ግን አረቄ ከሆነ ቢያንስ ቅዳሜ ጠጣው፤ እሑድ ይወጣልሃል።»

«እኔኮ አልጠጣም፣ አቶ ተክለሃይማኖት።»

«እኔም ቄስ ነኝ» አለና ሄደ።

በአጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሰኞ» ሆነ። «ሰኞ መጣ»፣ «ሰኞን ጥሩት»፣ «ሰኞ ዛሬ ዓርብ ነው፣ አይዞህ» ይሉታል። ኦብሴ የምትባል አብራው የምትሠራ ሴት ብቻ በስሙ ትጠራው ነበር። እሷም ሰኞ ሰኞ ወገቤን እያለች ፈቃድ ታበዛለች።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ አማኑ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር፣ አንድ ከሰዓት ቤቱ መጡ። ስለ ኑሮው፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ አቦምሳ ዝናብ ከጠየቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንድም ወዬሳ፣ ሰው ይፈተናል። የሚያስቸግርህ ነገር ካለ አትደብቀን።»

«የሚያስቸግረኝ ደረቴ ነው፣ ጋሽ አማኑ። እርስዎም ሰምተውታል ማለት ነው?»

«ሰምቻለሁ። አላመንኩም። ግን መጠየቅ አለብኝ።»

ዘርፉ ከጓዳ ወጥታ፣ ባሌ ጠጥቶ አያውቅም ብላ ተቆጣች። ሽማግሌው ጸልየው ሄዱ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ፊቷን አዙራ እንዲህ አለችው፦

«እኔም ባለፈው እሑድ ተኝተህ አፍህን አሽትቻለሁ።»

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም። ሽንኩርት።»

ወዬሳ አልሳቀም። ብዙ ቀን አኮረፈ። ኃላፊው ቢጠረጥረው፣ ሽማግሌው ቢጠይቁት አልከፋውም ነበር፤ የእሷ ግን ከነከነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ጉዳዩን የባሰ አወሳሰበው። አንድ እሑድ ሰው ጎድሎ በትርፍ ሰዓት ተጠራና ሠራ። በማግስቱ ሰኞ ሲገባ ደረቱ ዝም አለ። እስከ ሥራ መውጫ ጠበቀ፤ ምንም የለም። በሌላ ሳምንትም ፈቅዶ እሑድ ገባ። አሁንም ሰኞ ሰላም ሆነ። ወዬሳ ነገሩን አወጣና አወረደና የሚያሳምመው ዕረፍት ነው ብሎ ደመደመ። ሰውነቱ ሥራ ለምዷል፤ ሲቀመጥ ይታመማል። እንዲያ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው።

ወደ ተክለሃይማኖት ሄዶ እሑድ እሑድ እንዲያሠራው ለመነው። ኃላፊው ደስ አለው። «ሰኞ» የሚለው ስም ቀስ በቀስ ቀረ።

ዘርፉን ግን ማሳመን አልቻለም።

«እግዚአብሔር እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፏል» አለችው።

«እሱን አላመመውማ።»

«እንዲህ አትበል!»

መዘምራኑ ውስጥ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ገባ። ጋሽ አማኑ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታቸው አጠረ። ወዬሳ ይህን ሁሉ ችሎ፣ ያለ ዕረፍት፣ ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ሠራ። ጤነኛ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። ሳሉ ከሰኞ ወደ ሌላው ቀን መዛመቱን፣ እስሩን ሲገፋ ሰው መጥራት መጀመሩን፣ ገንደ ጋራን ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ስልክ የሚያይ መምሰሉን ለማንም አልተናገረም። ዘርፉ ስልኩ ብዙ ጊዜ ባትሪ እንደሌለው ታውቅ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ጥጥ አጣ። ማሽኖቹ ቆሙ፣ ሠራተኞቹ እስኪጠሩ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። ወዬሳ አቦምሳ ወንድሙ ጋ ሄደ። እዚያ ሳሉ ቀነሰለት፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሹ አሁንም ያጥረው ነበር። ወንድሙ «ከተማ አሰነፈህ» አለው።

ጥጥ ተገኝቶ ሲጠሩ ወዬሳ ከቀደሙት ጋር ገባ። ያን ቀን መሐል ክፍሉ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ኦብሴ ጮኸች፤ ተክለሃይማኖት ራሱ ብብቱን ይዞ ወደ መኪና ወሰደው። መንገዱን ሙሉ «ተንፍስ፣ ተንፍስ በቃ» ይለው ነበር።

አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ያከመችው ዶክተር ሌንሳ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ኦክስጅን ከተሰጠውና ትንፋሹ ከተረጋጋ በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ኧረ በጌታ!»

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

ነገራት። ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው።

«ሲጀምርዎ ደረትዎ የሚጠብበው በየትኛው ቀን ነበር?»

ወዬሳ አልጋው ራስጌ የቆመችውን ዘርፉን አየ። ዘርፉ መሬት መሬቱን አየች።

«ሰኞ» አለ። «ሰኞ ነበር ስሜም።»

ሐኪሟ የትንፋሽ አቅም ከሚለካ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ቱቦ አፉ ውስጥ አድርጋ በኃይል እንዲተነፍስ አዘዘችው። «ይንፉ፣ ይንፉ፣ ይንፉ፣ አይቁሙ!» የወጣው ውጤት የሽማግሌ ሳንባ ነበር። ከዚያ በቀላል አማርኛ አስረዳችው። በጥጥ ብናኝ ውስጥ የአየር ቧንቧን የሚያስቆጣ ነገር አለ። በየቀኑ ሲገባ ሰውነት ለጊዜው ይለምደዋል። ሰው ሲያርፍ ልምዱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወደ ሥራ በተመለሰ በመጀመሪያው ቀን ቧንቧው እንደ አዲስ ይጠብባል።

«እሑድ ስሠራ ግን ተሽሎኝ ነበርኮ» አላት።

«የተሻለዎት ስሜቱ ነው። ጉዳቱ አልቆመም ነበር።»

«አሁንስ ይድናል?»

«በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚያ ክፍል ቢወጡ ይድን ነበር። አሁን የሚሻልም የማይሻልም አለ። ዳግመኛ እዚያ ክፍል ከገቡ ግን ያለዎትም ይሄዳል።»

ዘርፉ ከሆስፒታል ሲወጡ በባጃጁ ውስጥ እጁን ያዘችው። ይቅርታ አላለችም፤ እሱም አልጠበቀም። «ሐኪም ሁሉ ቀኑን ቢጠይቅ ምን ነበረበት» ብቻ አለች።

ጋሽ አማኑ በሳምንቱ ብርቱካን ይዘው መጡ። ስላለፈው ምንም አላነሡም፤ ብርቱካኑን ግን ራሳቸው ልጠው አጎረሱት።

ተክለሃይማኖት የሐኪሟን ቃል ከወዬሳ አፍ ሲሰማ የራሱን ደረት ዳሰሰ።

«እኛም ስንጀምር ነበረብን» አለ። «ይለመዳል ይሉን ነበር። ለመድነው።»

ወዬሳን ወደ ክር መጋዘን አዛወረው። ብሎው ሩም ውስጥ ተበላሽቶ የቆየው ብናኝ መምጠጫ ማሽንም ተጠገነና ለጥቂት ጊዜ ክፍሉ ጠራ፤ ዕቃው አርጅቶ ስለነበር ግን ተመልሶ ቆመ። መጋዘኑም ከብናኝ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ ወዬሳ ፋብሪካውን ለቆ ሞጆ ውስጥ የአንድ ሆቴል ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ዘርፉ የፀጉር ቤቷን ዘግታ አብራው ሄደች። ሞጆ ዳገት የሌለው ሰፈር መርጠው ተከራዩ። በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ኪሱ ይዞ ይዞራል። መዝሙር ሲዘመር ግማሹን ስንኝ ለሌሎቹ ይተውላቸዋል።

ባለፈው የገና ሰሞን ሞጆ መናኸሪያ ላይ ኦብሴን አገኛት። አቅፋ ሳመችው፤ ወዲያው ሳል ያዛት።

«ወገብሽ እንዴት ነው?» አላት።

ሳቀች። «ወገቤ መቼ አሞኝ ያውቃል። አንተን ሰኞ ሲሉህ እያየሁ እኔም ደረቴን ነው ልበል?»

«ኦብሴ፣ ዶክተሯ ጋ ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ። እኔ ዘግይቼ ነው።»

«እሄዳለሁ። ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ትጨርስና።»

«መቼ ነው የምትጨርሰው?»

«የዛሬ ዓመት።»

ወዬሳ የሚለው አላጣም፤ ግን የአዳማው ሚኒባስ ረዳት «የሞላ፣ የሞላ!» እያለ ይጣራ ነበር። ኦብሴ ሻንጣዋን አንሥታ ገባችና በመስኮቱ በኩል እጇን አወዛወዘችለት።