ቀይ ፍሬን

አዋጅ! በጆሃንስበርግ ዙሪያ መሪ የጨበጠ ሁሉ ይወቅ፤ የኩርባዎች ንጉሠ ነገሥት፣ ያ ራሰ በራ አጭር ሰውዬ፣ ዛሬ እሑድ ወደ አማተሮች መሽቀዳደሚያ ሜዳ ወርደዋል!

ስሙን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ቦርጩን በጠባብ ቱታ ጠቅጥቆ፣ የቋሊማ ቅባት በሚያንጠባጥብ እጁ የማርሽ ዘንጉን ሲደባብስ ማየት ብቻ ያቅለሸልሻል። መኪናዋ ትቅለል ብሎ የኋላ ወንበሯን፣ ምንጣፏን፣ ያገኘውን ሁሉ ነቅሎ ጥሏል፤ ቦርጩን ግን አልነካም። ማርሚታዋ አዲስ ነው፤ ስትነሣ ሙት የሚቀሰቅስ ጩኸት ታወጣለች።

የሜዳው መኪና ፈታሽ ሽማግሌው ሩዶልፍ በቸርኬው ክፍተት አጮልቆ አየ።

«ወንድሜ፣ ፍሬኑን አሳድሰሃል?»

«አታየውም እንዴ ጋሼ? ቀይ ቀብቼዋለሁ!»

«ቀለሙንማ አየሁት። ሸራው ግን አልቋል፤ ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው። ሜዳ አትገባም።»

የሰውዬው የአንገት ሥር ተገታተረ። «ፍሬን የፈሪ ነው! እናንተ ብትከለክሉኝ አውራ ጎዳናው አለልኝ!»

ጋቢና የተቀመጠችው ሚስቱ ማሴጎ ሄልሜቱን እንዳቀፈች፣ «አለቃህ ፊትም እንዲህ በተናገርክ!» አለችው።

«ዝም ብለሽ ቀበቶሽን እሰሪ!»

«የቱን ቀበቶ? ትቅለል ብለህ ነቅለኸው የለ!»

ማርሹን አስገብቶ ወደ ፕሪቶሪያ አውራ ጎዳና ተፈተለከ።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ፕሪቶሪያ ስትነዳ ያ ጩኸት ከኋላህ ከተሰማህ መንገድ ልቀቅ፤ ለእሱ ክብር ብለህ አይደለም፤ ፍሬኑ ስለማይዝለት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ካገኘህ ደግሞ፣ እባክህ፣ ያቺን ሴት አስወርዱልን በልልኝ።