ሐሙስ የተበላችው ዘይቱን

ወደ ሳቢያን ሰፈር በሚሄደው ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፌስታል ሙሉ ዘይቱን ይዛለች። ያ የበሰለ ጓቫ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የድሮ ቅናቴ ተቀሰቀሰ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እህቴ ሐናን በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሰኞና ሐሙስ ግዴታ ያልሆነውን የሱና ጾም ትጾማለች። እኔ እስከ ቀትር እንኳ አልችልም። መግሪብ ላይ፣ ጾም ሲፈታ፣ እናታችን ኡሚ ትልቁን ተምር ለእሷ ሰጥታ ግንባሯን ስትስማት አንጀቴ ያርር ነበር።

አንድ ሐሙስ በሐሩር ተቃጥለን ከትምህርት ቤት ገባን። ሐናን መጾሟን ጨርሶ ረስታ «የሚበላ የለም?» አለችኝ። እኔ አልረሳሁም። ውስጧ ቀይ የሆነችውን ትልቋን ዘይቱን መርጬ ሰጠኋት። ከነልጣጯ እስክትጨርሳት ቆሜ ጠበቅሁና «ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው!» አልኳት።

ለቅሶዋን ሰምታ ኡሚ ከስፌት መኪናዋ ተነሳች።

«ረስተሽ ነው?»

«ወላሂ ረስቼ ነው፣ ኡሚ!»

«እንግዲያ ጾምሽ አልፈረሰም። ያበላሽ አላህ ነው። አልሐምዱሊላህ በይና ቀጥዪ።»

«እኔ ነኝ ያበላኋት!» ብዬ ጮህኩ።

ኡሚ ትኩር ብላ አየችኝ። «አውቃለሁ። አንቺም አመስግኚ፤ ተንኮልሽን ለእህትሽ ሲሳይ አድርጎታል።»

ምኑ እንደሚያስመሰግን አልገባኝም። መግሪብ ላይ ትልቁን ተምር ያው ሐናን በላች።

ሴትየዋ አንድ ዘይቱን አውጥታ «እንኪ እህቴ፣ ቅመሺ» አለችኝ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኳት።

ስንት ዓመት ሙሉ ሐሙስን ስጾም አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። በሐናን ዛሬም እቀናለሁ፤ እሷን አላህ አብልቷታል።