ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርቱን

ፈሪ ነኝ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ሸዋ ሮቢት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ስመጣ ከሙቀቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግምገማው ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ። ሊቀመንበሩ በስብሰባ መሃል መነጽሩን አውልቆ ትክ ብሎ ሲያየኝ፣ ያላጠፋሁትን ሁሉ ልናዘዝ ይዳዳኝ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ፈሪ ምን ሰይጣን እንደገፋው አላውቅም። ያኔ በዲሽ የሚታይ አንድ አስቂኝ የካርቱን ፕሮግራም ነበር፤ ተማሪዎቼ ሻይ ቤት ተኮልኩለው፣ ቋንቋው ሳይገባቸው ይስቁበታል። ከዚያው ፕሮግራም ተቀድቶ በሥዕል የተሠራ መጽሔት አዲስ አበባ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ አገኘሁ። ለክፍል ይሆናል ብዬ ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን እንግሊዝኛ በነጭ ፍሉድ አጥፍቼ አማርኛ ጻፍኩበት። ካርቱኑ ውስጥ ያለው ቦርጫም አለቃ ጋ ስደርስ እጄ አላርፍ አለ። «እናንተ ሂሳችሁን ዋጡ፤ ምሳውን እኔ እውጠዋለሁ» አስባልኩት። ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው ግን ደንግጬ ፍራሼ ሥር ሸጎጥኩት።

ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ስመለስ ፍራሼ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። አከራዬ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ በዓል በደረሰ ቁጥር የጭቃ ግድግዳቸውን በዱቄት ሙጫ አዲስ ወረቀት ያለብሱታል። ማንበብ አይችሉም። ቤቴን ሲያጸዱ መጽሔቱን አግኝተው፣ ቀለሙ ደስ ብሏቸው ቅጠል በቅጠል ገነጣጥለው ለጥፈውታል፤ ያውም ሊቀመንበሩ ዘወትር ምሳ ከሚበላበት ጠረጴዛ በላይ።

ግድግዳቸው እንዴት እንዳማረ አይቼ እንድመሰክር ጠየቁኝ። በጥፍሬ ልልጠው ስሞክር እጄን መቱኝ። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ይህን ጊዜ ሊቀመንበሩ ገባ።

ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ሽሮ አዘዘና ቀና ሲል ሥዕሉን አየው። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዷን ቃል አነበበ። የእጅ ጽሑፌን በየቃለ ጉባኤው ስለሚያየው አይስተውም። እናቴን አሰብኩ፤ በልጅሽ ምን ደረሰ ሲሏት ምን ትላለች?

ድንገት በሳቅ ፈረሰ። እንባውን እየጠረገ፣ «ቁርጥ የወረዳውን አለቃችንን!» አለ።

ዞር ሲል እኔን አየኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ብድግ ብሎ አጠገቤ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ አሁን ያልኩትን ሰምተሃል?» አለኝ።

«ኧረ አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«እኔም አላነበብኩም» አለና ሽሮው ሳይቀርብለት ወጣ።

ከዚያ ወዲያ በየስብሰባው ዓይናችን ሲጋጠም ቀድሞ የሚያቀረቅረው እሱ ሆነ። የእኔ ፍርሃት ግን ባሰበት። የማይፈራ ሹም ምን እንደሚያደርግ ለምጄዋለሁ፤ የሚፈራ ሹም ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም።