ወረቀቱን ያነበበው ቀን ሠራተኛ

አምኃን በሽምግልናው ዘመን ያገኙትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ነገሩ ያናድዳቸው ነበር። ባሕር ማዶ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ሊሰናበተው ሲመጣ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ይልና ወዲያው፣ «ድንጋይ ተሸክመህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አላውቅም ካለ አለቀለት፤ ሁለት ሳምንት ግንበኛ ዘንድ ይልከዋል። «ሽማግሌው ጃጁ» ይላሉ ልጆቹ። ምን ያጃጀዋል! አፍሮ ነው እንጂ። ያሳፈረውንም ነገር ለተማሪዎቹ ሳይነግር ስለኖረ፣ እስቲ እኔ ልናገርለት።

አምኃ የቂርቆስ ልጅ ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቱበት፤ እናቱ ወይዘሮ የሻረግ ጥጥ እየፈተሉ አሳደጉት። ፈረንሳይኛውን ሲያቀላጥፈው ጊዜ መንግሥት መርጦ ፈረንሳይ አገር ላከው፤ መሐንዲስ ሊሆን። ወይዘሮ የሻረግ ያን ሰሞን መሬት አልበቃቸውም። ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ፣ «ልጄ ድልድይ ሊሠራላችሁ ነው» ይሉ ነበር።

እዚያ አገር፣ ክፍል ውስጥ ማን ቢቀድመው! ሒሳቡን ይወጣዋል፣ ሥዕሉን ያሳምረዋል። የዕረፍት ወራት ሲደርስ ግን ተማሪው ሁሉ ልብሱን ለውጦ ከግንበኛ ጋር ድንጋይ መደርደር ነበረበት። የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ለአምኃ ሞቱ ሆነ። ድንጋይ ልሸከም ነው ባሕር የተሻገርኩት? አለ። እኛ አገር ያን ጊዜ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው በምን ዓይን እናይ እንደነበር ታውቁታላችሁ። ሸማኔውን ስንሰድብ፣ ቀጥቃጩን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። እሱም ያንን ንቀት ይዞ ነው መርከብ የተሳፈረው። ወገቤን ያመኛል ብሎ ዋሸና ቀረ።

አንድ ቀን ብቻ መምህሩ ሁሉንም ተራራ ሥር ወደ ተሠራ ግንብ ወሰዳቸው። አፈሩ መንገዱ ላይ እንዳይናድ ደግፎ የያዘ ግንብ ነው። በሆዱ ላይ በተርታ ቀዳዳ አለው፣ ከቀዳዳውም ውሃ ይወርዳል። «ይህ ውሃ መውጫ ካጣ አፈሩ ያብጣል፣ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል» አላቸው። ሌሎቹ ተማሪዎች እጃቸውን እየሰደዱ ውሃውን ነኩ። አምኃ ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ መንገድ ዳር ቆሞ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ጦርነቱ ሲያንዣብብ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወደ አገሩ ገባ። ጣልያን አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 1929 የሆነውን እኔ አልተርክም፤ የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል ግን ወይዘሮ የሻረግ የልጃቸውን ደብተር፣ ሱፉንና ፎቶግራፉን ሳይቀር ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። «ከዛሬ ጀምሮ ፊደል አታውቅም፤ ባሕርም በዓይንህ አላየህም። ገባህ?» አሉት። ገባው።

በ1931 ረሃቡ ሲጠና፣ ጣልያኖች ለሹሞቻቸው ቤት በሚሠሩበት፣ ዛሬ ካዛንቺስ በምንለው ቦታ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። «ከቡልጋ የመጣሁ ባላገር ነኝ» ብሎ ተመዘገበ። ማለዳ ከቂርቆስ ይነሣል፣ ወንዙን ይሻገራል፣ ዳገቱን ይወጣል። ሊካሳ የሚባል ግንበኛ ሥር መደቡት። ሊካሳ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፊደል የሚባል ያልቆጠረ ሰው ነው፤ በከተማው ውስጥ ግን እሱ ያልገነባበት ሰፈር ጥቂት ነበር።

አምኃ በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ አነሣና እግሩ ላይ ጣለው።

«አንተ ልጅ! ወገብህን ልትቆርጠው ነው እንዴ?» ሊካሳ ሳቀበት። «መጀመሪያ ሳታነሣው እየው። ፊቱ የት ነው? መቀመጫውስ? ድንጋይ እኮ ያለ መቀመጫው ብታስቀምጠው እንቢ ይላል።»

በል እንግዲህ ተማር! ጭቃ ማቡካት፣ ቱምቢ ጥሎ የግንቡን ቀጥታ ማየት፣ ድንጋይ መርጦ ማቀበል። መዳፉ ቆሰለ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ እንደገና ቆሰለ። በወረቀት ላይ ሲያባዛው የኖረውን ክብደት በትከሻው ሲያውቀው ጊዜ አምኃ አፈረ። ያን የዕረፍት ወር ያስቀረው ኩራቱ አሁን ታየው። ሊካሳ ግን በነገረኛ አፉ እየሰደበ፣ በትዕግሥቱ እያስተማረ በአራት ወር ሰው አደረገው። ምሳውን ያካፍለዋል፣ «የኔ ልጅ» ይለዋል። ጉርሜሳ የሚባለው ግንበኛና ሌሎቹ ሠራተኞች ይህ ባላገር ማነው ብለው ሲጠይቁም «የዘመዴ ልጅ ነው፤ አርፋችሁ ሥሩ» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል።

ግንቦት ላይ ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን ገደል የሚደግፍ ረጅም ግንብ ታዘዘ። የሥራው አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ ቀይ ጢም ያለው ችኩል ጣልያን ነበር። ሊካሳ ዳገቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ አስተርጓሚውን ጠራ።

«ክረምቱ መጣ። የዳገቱ ውሃ ሁሉ የሚወርደው እዚህ ነው። መውጫ ቀዳዳ አንተውለትም ወይ በልልኝ።»

ካቦው ነገሩን ሳይጨርስለት እጁን አወናጨፈ። «ወረቀቱ ላይ የለም ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ሰኞ ትልቅ ሹም ስለሚመጣ ደፍናችሁ ጨርሱ ይላል።»

ምሳ ሰዓት ላይ አምኃ ውሃ ሊጠጣ በካቦው መጠለያ በኩል አለፈ። የግንቡ ንድፍ ሳንቃው ላይ ተለጥፏል። ማንም የለም። ዓይኑ አላስችል አለውና አየው። ቀዳዳው አለ! በሦስት ተርታ ተስሏል፤ ከጀርባው ጠጠር ይሞላ የሚል፣ ፈረንሳይኛ ለሚያውቅ ሰው የማያስቸግር የጣልያንኛ ጽሑፍ ሁሉ አለበት። ካቦው ወይ አላነበበውም፣ ወይ ችኮላው በልጦበታል።  ዞር ሲል ሊካሳ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ያየዋል።

«ውሃ አገኘህ?»

«አገኘሁ ጋሼ።»

ሊካሳ ቆሎውን መቆርጠሙን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቱምቢውን በእጁ እንደያዘ አምኃን ትኩር ብሎ አየውና፣ «እንግዲህ ወረቀቱ የለም ካለ የለም ማለት ነው፤ አይደል?» አለው።

እናንተዬ፣ አንድ ቃል እኮ ነው! «አለ» ማለት ብቻ። ሊካሳ አለ ብሎ ከተነሣ ግን ማን ነገረህ ይባላል። ንድፍ የሚያነብ የቡልጋ ባላገር ከየት መጣ ይባላል። ቀጥሎ የሚሆነውን አምኃ ያውቃል፤ አብሮ አደጎቹን የበላ ነገር ነው። 

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ» አለ።

«እንግዲያ ጭቃ አምጣ» አለ ሊካሳ። ገነቡ። ድንጋዩን እያቀበለ ያስደፈነው ይኸው አምኃ ነው።

ሐምሌ ገባ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ አላባራም። በአራተኛው ቀን ጠዋት የግንቡ ሆድ ተነፍቶ፣ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ካቦው ሊካሳን «ሂድና ስንጥቁን ምረገው» አለው። ሊካሳ ሌሎቹን «እናንተ ራቁ» ብሎ ብቻውን ተጠጋ። ግንቡ ወረደ። በጣታቸው ምሰው ሲያወጡት ነፍሱ አለች፤ ቀኝ እጁ ግን እጅ አልነበረም። ሐኪም ቤት ወስደው ከክርኑ በላይ ቆረጡት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሹሙ ደረሰና ሠራተኛውን አሰለፈ። ንድፉ ከሳንቃው ላይ ተነሥቷል። ካቦው በአስተርጓሚው አፍ፣ «ግንበኛው ጭቃውን አበላሽቶ ነው፤ የእጁ ሥራ ደካማ ነው» አለ። ሹሙ «ሌላ የሚያውቅ፣ የሚናገር አለ?» ብሎ አስጠየቀ። አምኃ በሁለተኛው መስመር ላይ ቆሞ የባዶ እግሩን ጣቶች ያያል። አልተናገረም። የሊካሳ ስም ከግንበኞች መዝገብ ተሰረዘ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየሥራ ቦታው አንድ ነገር ሲበላሽ «የሊካሳ ግንብ» ይባል ጀመር። ወይ ጊዜ!

ሊካሳ ከሐኪም ቤት ወጥቶ እቤቱ ሲገባ አምኃ ወይዘሮ የሻረግ የጋገሩትን ዳቦ ይዞ እሑድ ቀን ሊጠይቀው ሄደ። ቤቱ ከቂርቆስ ወረድ ብሎ ነው። ሚስቱ ቡዜ በርጩማ አቀረበችለትና ልብስ ልታሰጣ ወጣች። አምኃ ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«የመጣህልኝ ደግ ሆነ» አለ ሊካሳ። «አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። አንተ የተማርክ ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ።»

አምኃ ዞሮ በሩን አየ።

«አትደንግጥ። ከኔ አፍ ለማንም አልወጣም። ያን ወረቀት ስታይ አየሁህ። እንደኔ ያልተማረ ሰው ወረቀት ሲሰጡት ዓይኑ አንድ ቦታ ይፈዛል። ያንተ ይሄድ ነበር። እንዳነበብከው ገባኝ። ኋላ ስጠይቅህ ‘እኔ ምን አውቄ’ ስትል፣ በቃ ካቦው እውነቱን ነው አልኩ። የኔ ልጅ እያየ እኔን ገደል አይሰደኝም ብዬ በሙሉ ልቤ ገነባሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እንግዲህ ፈረንጁ ያለ ቀዳዳ ይቆማል ብሎ ከጻፈ፣ የወደቀው በኔ እጅ ነው። ጭቃው ላይ ተሳስቻለሁ፣ ወይ ድንጋዩ ላይ። ተኝቼ እያንዳንዷን ድንጋይ አስባታለሁ። ሰላሳ ዓመት ስሠራ የኖርኩት ሁሉ ውሸት መሰለኝ። የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ንገረኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠላታችሁን አይግጠመው። አምኃ የሰውየውን እጅ ብቻ ሳይሆን ሙያውንም፣ እምነቱንም እንደወሰደበት ገባው።

«ቀዳዳ ነበረው ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ወረቀቱ ላይ በሦስት ተርታ ነበር። እርስዎ ያሉት ልክ ነበር። እኔ... ፈራሁ።»

ስድብ ጠበቀ። ጥፊም ቢሆን፣ በግራ እጁም ቢሆን በተቀበለ። ሊካሳ ግን ፊቱ በራ።

«ቡዜ! ቡዜ ነይ ስሚ! ጥፋት የለብኝም! ልክ ነበርኩ!» እያለ ተጣራ። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ የደስታ እንባ። ከዚያ የአምኃን ጉልበት ያዘና፣ «ለግንበኞቹ ንገርልኝ። ለካቦው አይደለም፣ እሱ ይቅር። ለነጉርሜሳ ብቻ፣ ‘የሊካሳ ጥፋት አልነበረም’ በላቸው። ትነግርልኛለህ?» አለው።

«እነግራለሁ» አለ አምኃ።

ሰኞ ሥራ ገባ፣ ማክሰኞም ገባ። ከነጉርሜሳ ጋር ምሳ በላ።  ከነገረ ከየት አወቅህ ይሉታል፣ ወሬው ካቦው ጋ ይደርሳል። ነገ፣ ነገ አለ። በሁለተኛው እሑድ አምኃ ገና ከበር ሳይገባ ሊካሳ፣ «ነገርካቸው?» አለው።

«ነገርኳቸው» አለ አምኃ።

«ምን አሉ?»

«ድሮም እናውቅ ነበር፣ ሊካሳ እንዲህ አያጠፋም አሉ።»

ሊካሳ ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። አምኃ ከዚያ ቤት ወጣ። ተመልሶም አልሄደም። ሊካሳ በተከታዩ ዓመት ክረምት ሞተ፤ በቀብሩ እንኳ ከሩቅ ነው የቆመው።

በ1933 ጣልያን ወጣ። የተማረ ሰው ይፈለጋል ተባለና አምኃን ሥራ ሚኒስቴር ጠርቶ በመሐንዲስነት ቀጠረው። በመጀመሪያው ቀን፣ ከቢሮው በፊት፣ አዲሱን ኮቱን እንደለበሰ ካዛንቺስ ወጣና ጉርሜሳንና ጓደኞቹን ሥራ ላይ አገኛቸው። ማን እንደነበረ፣ ወረቀቱ ምን ይል እንደነበረ፣ ሁለቴ እውነቱን እንደደበቀ፣ ኋላም ለሊካሳ ‘ነገርኳቸው’ ብሎ እንደዋሸ ሁሉንም ነገራቸው።

 ጉርሜሳ የያዘውን ድንጋይ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ለካስ እንዲህ ኖሯል» አለ። «ከመሞቱ በፊት በደጁ ስናልፍ ሁልጊዜ ይጠራንና ‘ሰማችሁ አይደል?’ ይለን ነበር፣ እየሳቀ። ምኑን እንደሆነ አልገባንም። እኛ ደግሞ ስለ ግንቡ ሊያነሣብን ነው እያልን፣ አንገታችንን ደፍተን እናልፈው ነበር።»