ከፊት ጎማ የሚመጣ ድምፅ

ያ ቅዳሜ እንደማንኛውም ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በዋዜማው ከአንበሳሜ ገበያ ቆዳ ጭኖ ሲመለስ፣ የጉማራን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ መኪናዋ ከፊት በኩል ትፈጭ ጀመር። መፍጨት ነው ያለኝ። እህል ያለቀበት ወፍጮ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋተግ የሚያሰማው ዓይነት።

መኪናዋ በአራቱም ጎማ የምትጎትት ፒክአፕ ነበረች። ባለቤቷ ወረታ ላይ ጨርቅና ቆዳ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው፤ ወንድሜ ሾፌራቸው ነበር። መካኒክ ያለው ጎንደር ነው። ስለዚህ የሚፈጨውን ራሱ ሊፈልገው ተነሣ። እኔ ለመስቀል ከትምህርት ቤት መጥቼ እሱ ዘንድ ነበርኩ።

"ቀስ ብዬ እነዳለሁ። አንተ ጆሮህን ወደ ጎማው አድርገህ ከጎኔ ሩጥ" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ በሱቆቹ ፊት ሮጥኩ። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት ሳቁብን።

"ምጥ ይዟታል እንዴ?" አለ አንዱ።

"ጥጃው በእግሩ እየመጣ እንዳይሆን!" አለ ሌላው።

ወንድሜ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ "ከወለደች እንገሩ ያንተ ነው!" አለው።

መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ማንሻ ለቅቆ በኋላ ጎማ ብቻ ነዳት። ድምፁ አልተለወጠም። "እንግዲያው ከማርሹ ጥርሶች አይደለም፤ ከጎማ ነው" አለ። ከዚያ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዞረ። ወደ ግራ ስትታጠፍ ባሰባት። "ወደ ግራ ስትዞር ሸክሙ ቀኙ ላይ ይወድቃል። የቀኙ ኩሽኔታ ነው" አለ። ኩሽኔታ ጎማው የሚዞርበት የብረት ቀለበት ነው። እሱ ከተሰበረ ጎማው መንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል።

የቀኙን ጎማ ፈታን። ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥበን ፀሐይ ላይ አገላበጥነው። ምንም የለውም። "ከእኔ ጥርስ ይሻላል" አለ። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ሳምንት ንዳድ ይዞት ተነሥቷል። ተኛ ስለው፣ "ጋዙ ቀዝቅዞኝ ነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሳይስቅ ተናገረ። "ሐጂ ሰኞ ሸቀጥ አላቸው። አንድ ነገር ከተሰበረ፣ ሾፌሩ ሰበረው ነው የሚባለው።"

ገጥመን እንደገና ነዳት። ያው ነው። ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። "የግራውን ነገ እናየዋለን" አለ። ቀኑን ሙሉ ያን ሲያስብ ዋለ። ራት ላይም ያወራው ስለ እሱ ነው።

ማታ ትኩሳቱ ተነሣበት። ያለችውን ኪኒን ዋጠ። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሌሊት መጻፍ አልቻልኩም።

እናታችን የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል ነው። አባታችንም እዚያ ተቀብሯል። በመሀል ያለው ሜዳ ገና የክረምት ውሃ ተኝቶበታል፤ እሷ እግሯን ስለሚያማት ወደ ወረታ መምጣት አትችልም። ጎረቤቶች ማልደው አንድ ሰው ላኩባት። "ታሟል" ብቻ እንዲላት ተነገረው፤ መርዶ እንዲያ በድንገት አይነገርም።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ጠጋ አሉኝ። "ልጄ፣ እዚሁ እንቅበረው። በዚህ ውሃ በሸክም አይሆንም።"

"እናቴ ሳታየው?"

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን ሐጂን በመኪናዋ እንድወስደው ለመንኳቸው።

"መኪናዋ የምትሄድ ብትሆን ማን ይከለክልሃል" አሉ። "ግን ጎማው መሀል ሜዳ ቢወልቅ፣ አስከሬን ይዘን ውሃ ላይ ምን እንሆናለን?"

"የግራውን ልየው። እስከዚያ ይታገሡኝ።"

ክሪኩን አምጥቼ መኪናዋን አነሣኋት። ከለቀስተኞቹ አንዷ፣ "ወንድሙ ተጋድሞ ብረት ይፈታል? ምን ዓይነት ልጅ ነው!" ስትል ሰማሁ። አልመለስኩላትም። ካለቀስኩ ቡሎኑ አይታየኝም ነበር።

ጎማው ወለቀ። ፍሬኑን የሚሸፍነው ታምቡር ግን እምቢ አለኝ። በእንጨት እየዞርኩ መታሁት። ሲለቅ ከደረቀ ጭቃ ጋር አንድ ጠጠር ወደቀ። ባቄላ ታክላለች። ታምቡሩን ከውስጥ ፍቃዋለች፤ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ጭረት ነበረው። ኩሽኔታውን በእጄ ነቀነቅኩት። ጤነኛ ነው። ታምቡሩን መልሼ አሽከረከርኩት። ጸጥ አለ።

"ጋሼ፣ ጠጠር ነው እኮ!" አልኩ፤ ወንድሜ ወደተጋደመበት ቤት ዞሬ፣ ጮክ ብዬ።

ሴቶቹ ከበፊቱ ይልቅ ጮኹ።

ሐጂ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ጠጠሯን አዩ። "ለዚህ ነው ትናንት ያን ያህል..." አሉ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ።

መንዳት ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፤ በበጋ፣ ሜዳው ሲደርቅ። ጎማውን መልሼ ከገጠምኩ በኋላ ወንዶቹ ከነአልጋው ጫኑት፤ ጥቂቶቹ ከእሱ ጋር ከኋላ ወጡ። የፊቱን ማንሻ አስገብቼ ተነሣሁ። ከከተማው እንደወጣን ውሃው እስከ ጎማው እኩሌታ ደረሰ። አንዳንድ ቦታ ተንሸራተተች እንጂ አልቆመችም። ከፊት ምንም አይሰማም ነበር።

እናቴ ውሃው ዳር ቆማ ነበር። መኪናዋን ከሩቅ ታውቃታለች። ነጠላዋን አውለበለበች፤ ተሽሎት እሱ የሚነዳ መስሏታል። ከኋላ ያሉት ማልቀስ እንዳይጀምሩ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። እሷ እያነከሰች በሾፌሩ በር በኩል መጣች።

ሞተሩን አጠፋሁ። በሩን ከፍቼ ወረድኩና እጆቿን ያዝኩ።