ጡብ በጡብ ላይ
ሰርቢያዊው ሚሎራድ ሰነፍ አይባልም፤ የጡብ ቤቱን ሠርቶ ሳይለስነው ሃያ ዓመት ኖረበት እንጂ። ሚስቱ ደሳንካ «አንተ ሰውዬ፣ ቤታችን እርቃኑን ቆሞ የመንደሩ መሳቂያ ሆንን» እያለች ስትነዘንዘው ኖራ፣ ዘንድሮ ለሰነውና ነጭ ቀለም ቀባው። እናቱም መርቀውት እህቱን ሊጠይቁ ሄዱ።

ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ፣ ከቪየና ለእረፍት የመጣ ጎረቤታቸው በራሱ ቤት ግድግዳ ላይ ለጌጥ የሚሆን ስስ ጡብ አስለጠፈ። ደሳንካ አኮረፈች። ታዛዡ ሚሎራድ መሰላል አቁሞ በነጩ ልስን ላይ ስስ ጡብ በሙጫ ሲለጥፍ ከረመ፤ ያውም በመንገዱ በኩል ብቻ፣ ጓሮውን ማን ያየዋል።

ሥራው ባለቀ ማግስት እናቱ ተመለሱ። ደጁ ላይ ቆመው ቤቱን ሽቅብ አዩና፣ «አይ ልጄ፣» አሉት እያዘኑ፣ «ያ ሁሉ ልስን ረገፈብህ?»